310 ኪሎ ሜትር በ4 ሰዓት ተኩል፦ ጊዜው የት ሄደ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ጀርመን ውስጥ ሽቱትጋርት አቅራቢያ ባለ የግላይደር (ሞተር አልባ አውሮፕላን) ክለብ እበርራለሁ። የብር ባጅ (የግላይደር አብራሪዎች የብቃት ምልክት) አለኝ፤ ዘንድሮ ክለቡ ኤልኤስ 4 የተባለውን ባለ አንድ ወንበር ግላይደር ፈቀደልኝ። በግንቦት መጨረሻ ከሃንቫይደ ሜዳ ተነሥቼ በክሊፐንኤክና በኖርድሊንገን ዞሬ ሃንቫይደ ተመለስኩ፤ ወደ 310 ኪሎ ሜትር፣ ክንፉ ውስጥ ክብደት የሚጨምር ውሃ ሳልጭን። በጀርመን ሰዓት አቆጣጠር መነሻ መስመሩን በ11:15 አልፌ በ15:45 ደረስኩ። አማካዩ 69 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሆነ። በዚያው ቀን ሌሎች በተመሳሳይ ግላይደር ከ85 በላይ ሄደዋል። በተርማሎች (ግላይደር እየዞረ ከፍታ በሚያገኝባቸው የሞቀ አየር ዓምዶች) መካከል ከ120 በላይ ለመብረር ስለምፈራ ይመስለኛል። ለሚቀጥለው ልምምድ ማክሪዲውን (በተርማሎች መካከል የሚበረርበትን ፍጥነት የሚወስነውን የመሣሪያ ቁጥር) 3 ላይ ላድርገው? ውሃስ ልጫን? ከበረራው ፋይል ያገኘሁት፦ 31 ተርማል፣ በዙር ያለፈ ጊዜ 38 በመቶ፣ አማካይ አወጣጥ 1.3 ሜትር በሰከንድ።»

መልስ

ማክሪዲውን 3 ላይ አያድርጉት፤ ውሃውንም ለጊዜው ይተዉት። የላኳቸው ሦስት ቁጥሮች መልሱን ይዘዋል። ጊዜዎን የበላው ቀጥታ የበረሩበት ሳይሆን የዞሩበት ነው።

እስቲ እንቁጠረው። 4 ሰዓት ተኩል 270 ደቂቃ ነው። የዚህ 38 በመቶ፣ ማለትም ወደ 103 ደቂቃ፣ በዙር አለቀ። በ103 ደቂቃ በሰከንድ 1.3 ሜትር እየወጡ በድምሩ 8,000 ሜትር ያህል ከፍታ ሰበሰቡ። ለ31 ተርማል ሲካፈል ለአንዱ 260 ሜትር ይደርሰዋል። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ለ260 ሜትር ሲሉ 31 ጊዜ ፍጥነት ቀንሰዋል፣ 31 ጊዜ አጋድለዋል፣ 31 ጊዜ መሃሉን ፈልገዋል። ፍለጋው በእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ብቻ ቢፈጅ እንኳ ግማሽ ሰዓት ሳይታወቅ ሄዷል።

አሁን ቀጥታውን ይዩት። 310 ኪሎ ሜትሩን የሸፈኑት በቀሩት 167 ደቂቃዎች ነው፤ በአማካይ 111 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት ነው። ይህን ወደ 125 ቢያሳድጉ በቀጥታው ላይ 18 ደቂቃ ያተርፋሉ። ነገር ግን ኤልኤስ 4 ያለ ውሃ በ111 ሲበርር በሰከንድ 0.8 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ በ125 ደግሞ ወደ 1 ሜትር ይጠጋል። በዚህ ምክንያት ተጨማሪ የሚወርዱትን ወደ 750 ሜትር በ1.3 መልሶ ለመውጣት 10 ደቂቃ ይከፍላሉ። በእጅ የሚቀረው 8 ደቂቃ ነው። ያንኑ 8,000 ሜትር ግን በ15 ተርማል፣ በአማካይ 2 ሜትር በሰከንድ ቢወጡት ዙሩ በ67 ደቂቃ ያልቃል። 36 ደቂቃ ተረፈ፤ አማካዩ ወደ 80 ወጣ። በመካከሉ ቅንጣት ሳያፈጥኑ ማለት ነው።

የማክሪዲው ስሌት ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1956 ፈረንሳይ ውስጥ የዓለም ሻምፒዮን ከሆነው አሜሪካዊ ከፖል ማክሪዲ ነው። ቁም ነገሩ ቀላል ነው፤ ቀጥሎ የሚጠብቁት ተርማል በጠነከረ ቁጥር ወደ እሱ ሲሄዱ ይፍጠኑ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሚያስገባው ቁጥር ነው። የቫሪዮው (የመውጣትና የመውረድ ፍጥነት መለኪያው) መርፌ ለአፍታ የነካውን 3 ያስገባል። መግባት ያለበት ግን መዞር ከጀመሩበት ሰከንድ እስከ ወጡበት ሰከንድ ያለው አማካይ ነው፤ ፍለጋውና መንገዳገዱ ሁሉ ተጨምሮ። የእርስዎ 1.3 ነው፤ ሌላ ቁጥር የለዎትም።

በ1.3 አወጣጥ፣ ጸጥ ባለ አየር፣ የኤልኤስ 4 ሒሳብ ተጠጋግቶ እንዲህ ይሆናል፦ በመካከሉ በ110 ቢበርሩ አማካይዎ 68፣ በ130 ቢበርሩ 72፣ በ150ም 72፣ በ170 ግን 67። በ2 ሜትር አወጣጥ ደግሞ በ130 ቢበርሩ 85፣ በ150 88፣ በ170 መልሶ 85። ከ130 ወደ 150 መፍጠን የሚሰጥዎ ቢበዛ 3 ኪሎ ሜትር ነው፤ አወጣጡን ከ1.3 ወደ 2 ማሳደግ ግን ከ13 እስከ 16 ይሰጥዎታል። ስለዚህ ማክሪዲውን 1 ላይ ይተዉት፤ በአማካይ ከ120 እስከ 130 ይብረሩ። ፍርሃትዎን አላጣጥለውም፤ በዚህ ጉዳይ ግን ብዙም አልጎዳዎትም።

አወጣጡ እንዴት ያድጋል? ሁለት መንገድ አለ፤ ደካማውን ተርማል አልፎ መሄድ፣ የያዙትንም በደንብ መዞር። ከሁለተኛው ልጀምር፤ ብዙው ጥፋት ያለው እዚያ ነው።

ፋይሉን ከፍተው አንድ ዙር ስንት ሰከንድ እንደፈጀብዎ ይቁጠሩ። በ95 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 45 ዲግሪ አጋድሎ የሚዞር ግላይደር የዙሩ ራዲየስ 70 ሜትር ገደማ ነው፤ ዙሩም በ17 ሰከንድ ያልቃል። በ30 ዲግሪ ራዲየሱ ከ120 ሜትር ያልፋል፤ አንዱ ዙር ወደ 29 ሰከንድ ይወስዳል። አልብ በሚባለው ደጋ ላይ እኩለ ቀን ሳይደርስ የሚነሡት ተርማሎች ጠባብ ናቸው። 30 ዲግሪ ላይ ያለ ሰው በጠንካራው መሃል ዙሪያ እየዞረ መሃሉን ራሱን አያገኘውም። 25 ሰከንድና ከዚያ በላይ ካዩ ችግሩ ተገኘ። ኮክፒት ውስጥ 45 ዲግሪ መጀመሪያ ላይ የተጋነነ ይመስላል። ብዙዎቻችን «45 ነው» ብለን የምንዞረው 35 ነው። ለማረጋገጥ ከመሣሪያው ሰሌዳ ላይ ካሉት ክብ መሣሪያዎች አንዱን ይምረጡ፤ ሰያፍ የተቀመጡት ሁለቱ ብሎኖቹ ከአድማሱ ጋር ትይዩ ከሆኑ 45 ዲግሪ ላይ ነዎት።

አገባቡ እንዲህ ነው። በ130 ሲመጡ አየሩ መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፤ ከተርማሉ ዙሪያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቁልቁል አየር ያገኝዎታል። ቀጥሎ ወንበሩ ከታች ይገፋዎታል። ቫሪዮው ከመቀመጫዎ አንድ ሁለት ሰከንድ ይዘገያል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ጩኸት ሰምተው ወዲያው አይጠምዝዙ። የመቆጣጠሪያውን ዱላ ቀስ ብለው እየሳቡ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይጠብቁ፤ ግፊቱ እየጨመረ ከሆነ ከፍ ወዳለው ክንፍ በኩል ያጋድሉ። ክንፉ ወደ ላይ የተገፋበት ጎን ነው ጠንካራው ያለው፤ እጅዎ ግን ሳይታወቅዎ ግላይደሩ በወደቀበት በኩል ሊሄድ ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ዙር ሳያቋርጡ ይጨርሱት። ከዚያ ወንበሩ ይበልጥ በሚገፋበት ቦታ ላይ ማጋደሉን ለሁለት ሰከንድ ወደ 25 ዲግሪ ያቅልሉና ይመልሱት፤ ዙሩ በ50 ሜትር ያህል ወደ ጠንካራው ይዛወራል። በአንድ ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ያዛውሩ። በየሩብ ዙሩ የሚያስተካክል ሰው ተርማሉን ያሳድደዋል እንጂ አይዘውም።

ከሁለት ዙር በኋላ የ20 ሰከንዱን አማካይ ይዩ። ካሰቡት ሁለት ሦስተኛ በታች ከሆነና ከፍታዎ ደህና ከሆነ፣ ይውጡ። ሦስተኛውን ዙር «ምናልባት ይሻሻል» ብሎ መዞር ውድ ልማድ ነው። ከላይ በኩልም እንዲሁ፦ ከደመናው በታች የመጨረሻዎቹ 150 ወይም 200 ሜትሮች ብዙ ጊዜ ይደክማሉ። በ2 ሜትር ሲወጡ ቆይተው ወደ 1.2 ከወረደ፣ ወደፊት ጥሩ ደመና እየታየ እላይ ድረስ መጭመቅ ትርፍ የለውም። ወደፊት ሰማዩ ባዶ ከሆነ ግን ይጭመቁት።

በውድድር አንድ ተርማል ውስጥ አሥርና ከዚያ በላይ ግላይደር ሊገኝ ይችላል። አቅጣጫውን የሚወስነው መጀመሪያ የገባው ነው። እርስዎ ከውጭ በኩል፣ የዙሩን ጠርዝ እየታከኩ ይግቡ፤ ወደ መሃል ቀጥ ብሎ መግባት የለም። ፍላርሙ (የግጭት ማስጠንቀቂያው) ቢኖርም ዓይን ውጭ ነው። የማያዩት ሰው ከሥርዎ ካለ ከዚያ ቦታ ይውጡ፤ የሚያጡት አንድ ዙር ነው። ወፎችንም ይመልከቱ። አገር ቤት ጥንብ አንሳ የሚሠራውን ሥራ እዚህ ጅራቱ እንደ መንታ የተሰነጠቀው ቀይ ጭልፊት ይሠራዋል። ክንፉን ሳያርገበግብ እየጠበበ ከዞረ፣ ከቫሪዮዎ ይልቅ እሱን ይመኑ።

ወደ ሌላው፣ ደካማውን ወደ መተው ልለፍ። ይህ ድፍረት ይመስላል፤ በእውነቱ ግን የከፍታ ሒሳብ ነው። ሃንቫይደ ከባሕር ጠለል በላይ 350 ሜትር አካባቢ ነው፤ አልብ ግን ብዙው ቦታው ከ700 እስከ 800 ሜትር፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ ጫፉ ወደ 1,000 ይደርሳል። ከፍታ መለኪያዎ 1,500 ሲያሳይ ከሃንቫይደ 1,150 ሜትር በላይ ነዎት፤ 980 ሜትር ላይ ካለው ከክሊፐንኤክ ሜዳ ግን 520 ሜትር ብቻ። አንዱ ቁጥር በአንዱ ቦታ ምቾት፣ በሌላው ጭንቀት ነው። ስለዚህ ከበረራው በፊት በካርታው ላይ ለእያንዳንዱ የመንገዱ ክፍል የምድሩን ከፍታ ይጻፉና የሥራ ቀጠናዎን (ሊበርሩበት ያሰቡትን የከፍታ ወሰን) በዚያ ላይ ይሥሩ። የደመናው ሥር 1,900 ከሆነና ምድሩ 750 ከሆነ፣ ከ1,800 እስከ 1,250 ባለው ውስጥ ሲሆኑ 2 ሜትር የማይሰጠውን ሁሉ አልፈው ይሂዱ። ከ1,250 በታች 1 ሜትር ይበቃዎታል። ከምድሩ 400 ሜትር ላይ ሲደርሱ ግማሽ ሜትርም ቢሆን ይዞራል፤ ያኔ ግን የሚያርፉበት ሜዳ አስቀድሞ ተመርጦ መሆን አለበት።

የእርስዎ 31 ተርማሎች የሚናገሩት በ1,600ም በ1,100ም ያገኙትን ሁሉ እንደ ዞሩ ነው። በየመንገዱ የሚያገኟቸውን 1 ሜትር የሚሰጡ ተርማሎች ቀጥ ብለው፣ ፍጥነቱን ወደ 100 ቀንሰው ይሻገሯቸው፤ ሲያልፉ እንደገና ያፍጥኑ። ዱላውን መጎተትና መግፋት ግን በለሆሳስ ይሁን። በደመናዎች መካከል መንገድ ማጠፍም ርካሽ ነው፤ ከመስመሩ 20 ዲግሪ ማጠፍ መንገዱን 6 በመቶ ብቻ ያስረዝመዋል፤ 30 ዲግሪ ግን 15 በመቶ።

ሜዳ ላይ ማረፍ፣ ጀርመኖቹ አውሰንላንዱንግ የሚሉት፣ ለዚህ ሁሉ መሠረቱ ነው፤ ማረፊያውን የማያምን ሰው ደካማውን ተርማል አይተውም። ከምድሩ በ600 ሜትር አካባቢውን፣ በ450 ሜዳውን ይምረጡ፤ በ300 ወደ ማረፊያ ዙሩ ይግቡ፤ ከዚያ በኋላ ተርማል ቢያገኙም አይዙሩ። ቢያንስ 300 ሜትር ርዝመት፣ ከነፋሱ ፊት ለፊት፣ ተዳፋት ካለው ሽቅብ። በግንቦት ቢጫ ለብሶ የሚያምረውን የጎመን ዘር ማሳ ይሽሹ፤ ተክሉ እስከ ደረት ይደርሳል፣ አንዱን ክንፍ ይዞ ግላይደሩን ያሽከረክረዋል። የታጨደ የሣር ሜዳ ከሁሉ ይሻላል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ከላይ አይታይም፤ የሚታየው ምሰሶው ነው።

የመነሻው ሰዓት ሌላው ስሕተት ነው። በ11:15 ሲነሡ ቀኑ ገና አልነቃም። በዚያ ሰሞን ጥሩው ሰዓት ብዙ ጊዜ ከ13:00 እስከ 16:30 ያለው ነው፤ እርስዎ ደግሞ በ15:45 አርፈዋል። አራት ሰዓት ለሚፈጅ ታስክ (አስቀድሞ የተወሰነ የበረራ መንገድ) 12:15 አካባቢ መነሣት ጥሩው ሰዓት መሃል ላይ እንዲውል ያደርጋል። ቀድመው ወደ አየር ይውጡ፤ በመነሻው አካባቢ ሦስት አራት ተርማል ይሞክሩ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት አወጣጦች 1.5 ካለፉ፣ ከደመናው ሥር ሆነው መስመሩን ይለፉ። ለልምምድ ካልሆነ በቀር መዘግየት አደጋ አለው፤ ደመናው ከሰዓት በኋላ ተደፍኖ ፀሐዩን ሊጋርድ ይችላል። ትንበያው ያን የሚል ከሆነ ቀድመው ይሂዱ። ከሜዳው በስተሰሜን ምዕራብ የሽቱትጋርት አየር ማረፊያ ክልል እንዳለም አይርሱ፤ የዕለቱን ወሰን ሳይመለከቱ ከፍ አይበሉ።

ስለ መንገዱ ራሱ፦ ወደ ክሊፐንኤክ ያለው 76 ኪሎ ሜትርና ከዚያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚመለሰው 154ቱ በአልብ ላይ ነው የሚሄዱት። ምድሩ ኖራ ድንጋይ ነው፤ ውሃው ወደ ውስጥ ስለሚሰርግ ቶሎ ይደርቃል፣ ቶሎም ይሞቃል። ወደ ደቡብ ወደ ዳኑብ ሸለቆ መንሸራተት ብዙ ጊዜ ወደ እርጥብ አየር መግባት ነው። ኖርድሊንገን ግን የሪስ ገንዳ ውስጥ ነው፤ ከ14 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት ከሰማይ የወደቀ አለት የቆፈረው፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሜዳ። ከአልቡ ዝቅ ይላል። ከመግባትዎ በፊት ጠርዙ ላይ ካለው የመጨረሻው ጥሩ ደመና ሥር ከፍታዎን ይሙሉ፤ መታጠፊያውን ነክተው ሳይዞሩ ወደ ጠርዙ ይመለሱ። በውድድር የመታጠፊያው ክብ ራዲየስ 500 ሜትር ነው፤ ጠርዙን እንደ ነኩ መሣሪያው ሲነግርዎ ይታጠፉ፣ መሃሉ ድረስ መሄድ የለብዎትም።

የመጨረሻው 83 ኪሎ ሜትር ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው ነፋሱ ነው። ምዕራባዊ ከሆነ ፊት ለፊት ነው፤ በ115 ሲበርሩ 20 ኪሎ ሜትር ነፋስ 35 የነበረውን የመንሸራተት ምጣኔ (አንድ ሜትር ሲወርዱ ወደፊት የሚሄዱትን ሜትር) ወደ 29 ያወርደዋል። ሁለተኛው ምድሩ ነው። ኮምፒውተሩ «ሃንቫይደ በ200 ሜትር ትርፍ ትደርሳለህ» ሲል 550 ሜትር ላይ ማለቱ ነው። በ1 ለ 30 ቢያሰሉት፣ 10 ኪሎ ሜትር ሲቀርዎት 880 አካባቢ ላይ ነዎት፤ የአልብ ጠርዝ ግን 750 ሜትር ላይ ቆሟል። 130 ሜትር ብቻ ቀረ፤ ያውም ከጠርዙ ጀርባ ያለው አየር ቁልቁል የማይጫን ከሆነ ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን መንሸራተት ለሜዳው ሳይሆን ለጠርዙ ያስሉት፤ ጠርዙን በ300 ሜትር ትርፍ ካለፉ ሃንቫይደ የራሱ ጉዳይ ነው። ከ40 ኪሎ ሜትር ርቀት በ1 ለ 30፣ ማክሪዲው 1 ላይ ሆኖ ይጀምሩ፤ ከመንገዱ ከፍታ ካተረፉ ቀስ በቀስ ያፍጥኑ። በመጽሐፉ ላይ ያለው 1 ለ 40 ንጹሕ ክንፍ ላለው ነው፤ ክንፉ ፊቱ ላይ ትንኝ ተለጥፎበት ከአራት ሰዓት በኋላ የሚመጣ ግላይደር ያን አያገኝም።

ውሃው ለምን ይቆይ? ኤልኤስ 4 ከእርስዎና ከፓራሹትዎ ጋር 335 ኪሎ ቢሆን፣ 10.5 ካሬ ሜትር ክንፉ በካሬ 32 ኪሎ ይሸከማል። 100 ሊትር ሲጨምሩ ወደ 41 ይወጣል፤ ሁሉም ፍጥነቶች በ14 በመቶ ያድጋሉ። በቀጥታው ደስ ይላል፤ በዙር ግን በተመሳሳይ ማጋደል ራዲየሱ በ30 በመቶ ይሰፋል። በጠባብ ተርማል 1.3 የሚያገኝ ሰው በውሃ 1 ያገኛል። የፋይልዎ አማካይ ከ2 ሲያልፍ ይጫኑ። ያኔም ሁለቱ ክንፎች እኩል መሙላታቸውን በጫፋቸው ሚዛን ያረጋግጡ፤ ሲለቁም በሁለቱም በኩል እየፈሰሰ መሆኑን ዓይንዎ ይየው፤ ሳይለቁ አያርፉ። የክብደቱን ገደብ ከራሱ ከግላይደሩ መመሪያ ይውሰዱ፤ ኤልኤስ 4 ሁሉ አንድ አይደለም።

ከመሬት ሳይነሡ ጥቂት ነገር። ከተገጣጠመ በኋላ የመቆጣጠሪያዎቹ ማያያዣዎች መቆለፋቸውን በእጅ እየዳሰሱ፣ አንድ ሰው ክንፉ ላይ ያለውን ተንቀሳቃሽ ክፍል ይዞ እየተቃወመዎት ይፈትሹ። በጅራቱ ላይ ያለው የቫሪዮው ቱቦ እስከ መጨረሻው መግባቱን ይዩ፤ ካፈሰሰ ቫሪዮው ዱላ በሳቡ ቁጥር «ተርማል» እያለ ይዋሽዎታል። ሁለት ሊትር ውሃ ይዘው ይግቡ፣ ለሽንትም መላ ያዘጋጁ። ሽንት ፈርቶ የማይጠጣ ሰው በሦስተኛው ሰዓት የሚወስነው ውሳኔ በፋይሉ ላይ በግልጽ ይታያል።

ለሚቀጥለው ልምምድ 310ሩን አይድገሙት። ከሃንቫይደ ብዙ ሳይርቁ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሦስት ማዕዘን ይሥሩና በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ይዙሩት። በመጀመሪያው ዙር እንደ ለመዱት ይብረሩ። በሁለተኛው አንድ ሕግ ብቻ ያክብሩ፤ ከሥራ ቀጠናው በላይኛው ግማሽ ሆነው ከ500 ሜትር ያነሰ የሚወጡበት ተርማል አይኑር፤ አጋድሎዎም 45 ይሁን። ሜዳው ሁልጊዜ በቅርብ ስላለ ደካማውን መተው አያስፈራም። ማታ ፋይሉን በሲዩ ወይም በሌላ የበረራ ፋይል መተንተኛ ፕሮግራም ይክፈቱና ከሁለቱ ዙሮች አራት ቁጥር ጎን ለጎን ይጻፉ፦ የተርማል ብዛት፣ በአንድ ተርማል የተገኘ ከፍታ፣ አማካይ አወጣጥ፣ ተርማል ውስጥ የአንድ ዙር ሰከንድ። የመጨረሻው ከ20 በታች ካልወረደ ሌሎቹ ሦስቱም ብዙ አይንቀሳቀሱም፤ በዚያ ጊዜ ከክለቡ አስተማሪ ጋር በባለ ሁለት ወንበሩ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ተርማል ውስጥ መዞርን ብቻ ይለማመዱ።